የማኅበር ሕግ የፌዴራል ነው፤ መዝገቡስ?

ሦስት የባሕር ዳር ወጣቶች ከዘጌ ገበሬዎች ቡና ገዝተው፣ ቆልተውና አሽገው እዚሁ ከተማ ለመሸጥ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ፈለጉ እንበል። ቡናው በጀልባ ጣናን አቋርጦ ይመጣል፤ የሚቆላውም የሚሸጠውም በአማራ ክልል ውስጥ ነው። ይህ ማኅበር እንዴት እንደሚቋቋም የሚወስነው ማን ነው? መዝገቡን የሚይዘውስ? ሁለቱ ጥያቄዎች እንደ አንድ ሲታዩ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ሕገ መንግሥቱ ያልሰጠውን ሥልጣን በልማድ የራሱ ያደርጋል ብዬ እሰጋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ አያከራክርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 4 የንግድ ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። ምክር ቤቱም በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ በ1952ቱ የንግድ ሕግ ያልነበረውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሳይቀር ፈቅዷል። ይህ ተገቢ ነው፤ ለባሕር ዳሩ ማኅበር ዕቃ በዱቤ የሚሰጥ የሐዋሳ ነጋዴ የአባላቱ ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ለማወቅ የየክልሉን ሕግ ማገላበጥ የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 12 ለፌዴራሉ መንግሥት የሰጠው በክልሎች መካከል የሚደረግን ንግድና የውጭ ንግድን የመቆጣጠር ሥልጣን ነው። በአንድ ክልል ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቀውን ንግድ አልጠቀሰም፤ ያልተጠቀሰው ደግሞ በአንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 1 መሠረት የክልሎች ነው። ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኘው በመመዝገብ ስለሆነ ምዝገባው ከንግድ ሕጉ አይነጠልም የሚሉ የሕግ ባለሙያዎች አሉ፤ ክርክሩም ቀላል አይደለም። ነገር ግን ምዝገባ የሚያስከትለውን ውጤት መደንገግ አንድ ነገር ነው፤ መዝጋቢውን መሾም ሌላ ነው። የሠራተኛ ጉዳይ ሕግም በዚያው አንቀጽ 55 ለምክር ቤቱ የተሰጠ ሆኖ ሳለ በየክልሉ የሚያስፈጽሙት የክልል ቢሮዎች ናቸው። ሕግ የማውጣት ሥልጣን የማስፈጸምን ሥልጣን ሁሉ ይዞ አይመጣም።

ዛሬ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ የሚመራው በፌዴራል አዋጅ ቁጥር 980/2008 እና በማሻሻያው ነው፤ የክልል ቢሮዎችም የሚመዘግቡት አዋጁ ባካፈላቸው ሥልጣን መጠን ነው። ቅር የሚያሰኘኝ ይህ ነው። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 9 የፌዴራሉ መንግሥት በአንቀጽ 51 የተሰጠውን ሥልጣን ለክልሎች በውክልና እንዲሰጥ ይፈቅድለታል፤ የራሱ ያልሆነውን ግን ሊወክል አይችልም። በውክልና የመጣ ሥልጣን በማሻሻያ አዋጅ ሊነሳ ስለሚችል፣ ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም።

አውስትራሊያ በዚህ መንገድ አልፋለች። ሕገ መንግሥቷ ለፌዴራሉ ፓርላማ የሰጠው በአገሪቱ ውስጥ «በተቋቋሙ» የንግድና የፋይናንስ ኩባንያዎች ላይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቃሉ ቀድሞ የተቋቋሙትን እንጂ የማቋቋሙን ሂደት አይመለከትም ሲል በስድስት ድምፅ ለአንድ ወሰነ። መፍትሔው የተገኘው ግዛቶቹ ሥልጣናቸውን ወደው ለፌዴራሉ ፓርላማ ሲያስተላልፉ ነው፤ የ2001ዱ የኩባንያዎች ሕግ የቆመው በዚያ ላይ ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት ውክልናን ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይጠቅስም፤ ስለዚህ የክልሎች ዝምታ እንደ ስጦታ ሊቆጠር አይገባውም።

እነዚያ ወጣቶች ነገ ቡናቸውን ወደ ውጭ መላክ ቢፈልጉ ለዚያ ሥራ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ ግልጽ ነው። አንድ የንግድ ስም በሁለት ክልሎች እንዳይመዘገብም ሁሉም የሚያዩት የመረጃ ቋት ይበቃል። መታረም ያለበት አዋጁ ነው፦ በክልል ውስጥ የሚነግድ ማኅበርን የክልሉ ንግድ ቢሮ በራሱ ሥልጣን እንደሚመዘግብ በግልጽ ይጻፍ። የክልሉ ምክር ቤትም የራሱን የምዝገባ ሕግ ያውጣ፤ ክርክር ከተነሳም በአንቀጽ 83 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይወስን።