መላጊያ ማሽን ውሃ ልክ አያውቅም

«የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ካልቆመች መላጊያው ቀጥ ያለ ጣውላ አያወጣም» ተብሎ አዲስ ማሽን ለገዛው ወንድማችን የተሰጠው ምክር በብዙ አናጺዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ግን ልክ አይደለም። ቢላዋው የሚያውቀው ጠረጴዛውን እንጂ የመሬትን ስበት አይደለም። የጣውላውን ቀጥነት የሚወስነው ጣውላው ከቢላዋው በፊትና በኋላ የሚንሸራተትባቸው የማስገቢያውና የማስወጫው ጠረጴዛ እርስ በርስ ትይዩ መሆናቸው፣ የማስወጫውም ከፍታ ከቢላዋው የላይኛ ጫፍ ጋር መግጠሙ ነው። ማሽኑ ወደ አንድ ወገን ትንሽ ቢያዘነብል ሁሉም አብሮ ያዘነብላል፤ የሚለወጥ ነገር የለም።

መፈራት ያለበት መጣመም ነው። የቤት ጋራዥ ወለል ብዙ ጊዜ ውሃ እንዲወርድበት ተዳፋት ሆኖ ይሠራል፤ ሲሚንቶውም ወጣ ገባ ነው። አየር ላይ የቀረ እግር በብሎን ተጎትቶ ከወለሉ ጋር ቢታሰር መቆሚያው ይጠመዘዛል፣ ጠረጴዛውንም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ከማሰር በፊት በዚያ እግር ሥር ቀጭን ላሜራ ይግባ። ከዚያ ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን በጠረጴዛዎቹ ሁለት ጫፎች ላይ አጋድሞ፣ ጎንበስ ብሎ በአንድ ዓይን ማየት ነው፤ የፊተኛው ዘንግ ጠርዝ ከኋለኛው ጋር ትይዩ ሆኖ ካልታየ ጠመዝማዛ አለ ማለት ነው።

አዲሱ ማሽን ከፋብሪካ ተቀብቶ የሚመጣውን ግራሶ በቤንዚን እጠበው የሚለው ምክርም ቢቀር ይሻላል፤ ትነቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንዲት የማብሪያ ማጥፊያ ብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። በር ተከፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ በላምባ የራሰ ጨርቅ ይበቃል። ሲደርቅ ሰም ይቀባ፤ ያለዚያ ብረቱ በክረምት ይዝጋል።