«አዎ» ያለ ሁሉ አመነ?

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት እያለበት በአስገድዶ መድፈር ስለተከሰሰ ወጣት ሲነሳ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ ስሙን ሲጠየቅ የመለሰና ድርጊቱን ያመነ ሰው ምን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ቀጠሮ ለማራዘም ነው ብለው እርፍ።

ስሙን ስላወቀ! በዚህ ሚዛን የአራት ዓመት ሕፃንም ችሎት ይቆማል።

እንዲህ ያለ ሰው ከልጅነቱ የተማረው መከላከያ ቢኖር መስማማት ነው። ሲቆጡት አዎ፣ ሲያባብሉት አዎ፣ ጥያቄው ካልገባው ደግሞ ይበልጥ አዎ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ «አድርገሃል አይደል?» ሲባል ሌላ መልስ ከየት ያመጣል? የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት ይህን ታውቀዋለች። ኧርል ዋሽንግተን የተባለ ሰው የአእምሮ ብቃት መለኪያ (አይኪው) ውጤቱ 69 ነበር፤ አማካዩ 100 ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ተይዞ አንዲት ሴት ደፍሮ መግደሉን «አመነ»። ሟቿ ጥቁር ናት አለ፤ ነጭ ነበረች። ሁለት ሦስቴ ወጋኋት አለ፤ የተወጋችው 38 ጊዜ ነበር። ይህም ሆኖ ሞት ተፈረደበት። በ1985 ሊገደል 9 ቀን ሲቀረው ታገደ፣ በ2000 የዲኤንኤ ማስረጃ ታይቶ ይቅርታ ተደረገለት። ስሙንማ እሱም መልሷል።

እኛ ዘንድ የጎደለው ሕግ አይደለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 48 ከወንጀል ኃላፊነት ነጻ ሊያደርጉ ከሚችሉ ምክንያቶች መካከል የእድገት መዘግየትን በግልጽ ይጠቅሳል። አንቀጽ 51 ደግሞ ፍርድ ቤቱ የተከሳሹን ኃላፊነት ሲጠራጠር የባለሙያ ማስረጃ እንዲያስቀርብ፣ ባለሙያው የሚያጣራውንም ነጥብ ለይቶ እንዲሰጥ ያዛል። ወደ አማኑኤል ሆስፒታል የሚሄደው ደብዳቤ «የአእምሮ ሕመምተኛ መሆን አለመሆኑ ይገለጽልን» ብቻ ካለ ግን መልሱ ከወዲሁ ይታወቃል፦ የሌለ ድምፅ አይሰማም፣ አይቃዥም፣ ጤነኛ ነው። የእድገት ውስንነትን የሚያሳየው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ በስንት ዓመቱ አፉን ፈታ? ሱቅ ተልኮ መልስ ቆጥሮ ይቀበላል? ከስንተኛ ክፍል ቀረ? እናቱ ችሎት በር ላይ ቁጭ ብላለች፣ የሚጠይቃት የለም። የሌላ ሰው ገላ የእሱ አለመሆኑን፣ እምቢ ሲሉት ማቆም እንዳለበት ያስተማረው አለ ወይ የሚለውንማ ተዉት።

የተጎጂዋ ቤተሰብ ቁጣ ይገባኛል። ወንጀለኛ ያመልጣል ለሚሉት ግን አንቀጽ 130 አለ፤ ለሌላው አደገኛ የሆነን ሰው ኃላፊነት ባይኖርበትም ፍርድ ቤቱ በተገቢ ተቋም እንዲቆይ ያደርጋል። ማምለጥ ከተባለ፣ የቨርጂኒያው እውነተኛ ገዳይ ጥፋቱን ያመነው ወንጀሉ ከተፈጸመ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።