ጡረታ ወጥቶ ማረፍን ሞክሬዋለሁ
«ከ60 ዓመት በኋላ ሰው ማረፍ እንጂ አዲስ ነገር መጀመር የለበትም» የሚለው ላይ አልስማማም። እኔ በ60 ዓመቴ ከመምህርነት ጡረታ ወጥቼ የመጀመሪያውን ዓመት እንደተባለው አረፍኩ፤ ጠዋት ፀሐይ መሞቅ፣ ከሰዓት ቡና፣ ማታ ቴሌቪዥን። ያተረፍኩት የጉልበት ሕመምና ነገር ፈላጊነት ነው (ባለቤቴ ትመስክር)። አሁን 67 ሞላኝ። በየጠዋቱ ከጎንደር ፒያሳ ተነስቼ ወደ ቁስቋም ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ፤ መጀመሪያ ሦስት ቦታ ድንጋይ ላይ አርፍ ነበር፣ ዛሬ አንዴ ብቻ፣ እሱም ወሬ ሲገኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ላለ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በዚያ ላይ ሰው እንዳይወድቅ በሳምንት 3 ቀን የሚዛን መጠበቂያና የጡንቻ ልምምድ። ጎንደር ላይ ዳገቱ በነፃ ነው። «ይሄ ገንዘብ ላለው ነው» የምትለኝ ወንድሜ፣ የጡረታ ደመወዝ ወር እንደማያደርስ አውቃለሁ፣ እኔም የምኖረው በሱ ነው። ግን ጎረቤቴ እማማ በ70 ዓመታቸው ፊደል መቁጠር ሲጀምሩ ያወጡት የአንድ ደብተርና የእርሳስ ዋጋ ነው። የልጅ ልጃቸው በትልቁ ትጽፍላቸዋለች፤ እሳቸው መነጽራቸውን በክር አስረው፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው ከሥሩ ይገለብጣሉ። ባለፈው ሳምንት የመብራት ደረሰኙ ላይ ስማቸውን ራሳቸው አንብበው ለሰፈሩ ሁሉ ሲያሳዩ ዋሉ።