ስናይፐር በርቀት ክብረ ወሰን አይለካ

የስናይፐር (የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ) ነገር በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ "ስንት ሜትር ይመታል?" ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ እንግሊዛዊ አልሞ ተኳሽ አፍጋኒስታን ውስጥ 338 ላፑዋ ማግነም በተባለ የረጅም ርቀት ጥይት 2,475 ሜትር ላይ መምታቱ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ጥያቄው ብሷል። ተኳሹ ራሱ ግን ነፋስ እንዳልነበረና ርቀቱን ለማግኘት ዘጠኝ ያህል ጥይት እንደተኮሰ ተናግሯል። ለእኔ የጠመንጃ ዋጋ የሚታወቀው በመጀመሪያው ጥይት ነው፤ ሁለተኛውን የሚጠብቅ ጠላት ብዙ የለምና።

100 ሜትር ላይ ጥይቶቹን 3 ሴንቲሜትር ውስጥ የሚሰበስብ ጠመንጃ 1,000 ሜትር ላይ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይበትናቸዋል። ይህ ገና ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ነው። ከአፈሙዙ ሲወጣ ያለው ፍጥነት ከጥይት ጥይት በሰከንድ 10 ሜትር ብቻ ከተለያየ፣ በዚያ ርቀት አረሩ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ባለ 12.7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ገዝቶ ለመትረየስ የተሠራ ተራ ጥይት ማጉረስ ገንዘብ ማባከን ነው። ያ ካሊበር (የበርሜል ውስጥ ስፋት) ራዳር፣ ተሽከርካሪና የቆመ አውሮፕላን ለማበላሸት ይጠቅማል፤ ለሰው ዒላማ ግን ክብደቱ ከጥቅሙ ያመዝናል።

በርሜሉ ወፍራም የሚሆነው ቶሎ እንዳይሞቅና ንዝረቱ እንዲቀንስ ነው። ሰደፉን ጨርሶ መንካት የለበትም፤ በመካከላቸው ወረቀት ከጫፍ እስከ ሥር ያለ መሰናክል ማለፍ አለበት። የእንጨት ሰደፍ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ በርሜሉን ይገፋል፣ ትናንት የተስተካከለው ጠመንጃ ዛሬ ሌላ ቦታ ይመታል። ብዙ አምራቾች ወደ አሉሚኒየም አካል የዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

የማነጣጠሪያ መነጽሩም ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ማሰሪያው ወደ ፊት 20 የማዕዘን ደቂቃ (የአንድ ዲግሪ ሲሶ) ያህል ዘንበል ካላለ፣ ሩቅ ዒላማ ላይ የከፍታ ማስተካከያው መዞር ያልቅበታል። "ጠመንጃው ተበላሸ" ሲባል በርሜሉን ከመውቀስ በፊት የማሰሪያውን ብሎኖች መፈተሽ ይገባል፤ ከላሉ ጥፋቱ እዚያው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ነፋስ ነው። 1,000 ሜትር ለመድረስ የ338 ላፑዋ አረር አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። የጎን ነፋስን በሰከንድ በ1 ሜትር አሳስቶ መገመት አረሩን ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ይገፋዋል። ሣር ሲታጠፍ፣ አቧራ ሲነሳ፣ ሙቀት በመነጽር ውስጥ ሲርገበገብ አንብቦ ለተኳሹ የሚነግረው ቃኚው፣ ማለትም አጠገቡ ሆኖ በመነጽር የሚያይለት ጓደኛው ነው፤ ጥይቱ የት እንዳረፈ የሚያየውም እሱ። ደግሞም የሁለቱ ዋና ሥራ ተደብቆ ማየትና ያዩትን በሬዲዮ ማሳወቅ ነው፤ ቃታ ሳይስቡ ብዙ ቀን ሊያልፍ ይችላል።

በጀት ሲያጥር ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው የቃኚው መነጽርና የልምምድ ጥይት ነው። እኔ ብሆን የምቀንሰው የጠመንጃዎቹን ቁጥር ነበር።