ማስተካከያ፦ ፊደል በቀለም ስለሚታያቸው ሰዎች

ባለፈው ስለ ሲነስቴዢያ ስጽፍ «የአንጎል በሽታ» ብዬው ነበር። ተሳስቻለሁ። በሽታ አይደለም። አንዱ የስሜት ሕዋስ ሲነካ ሌላውም አብሮ የሚቀሰቀስባቸው ሰዎች አሉ፤ ድምፅ ሰምተው ወይም ፊደል አይተው ቀለም ይታያቸዋል፣ በቃ። ብዙ ጊዜም በዘር ይወርዳል።

«ሁሉም አንድን ፊደል በአንድ ቀለም ያዩታል» ያልኩትም ልክ አይደለም። ሩሲያ የተወለደው ደራሲ ቭላድሚር ናቦኮቭ ልጅ ሳለ በፊደል መጫወቻዎቹ ማማ ሲሠራ፣ «ቀለማቸው ሁሉ ተሳስቷል» ብሎ ለእናቱ ነገራት። (ሌላ እናት ብትሆን ስቃ ታልፈው ነበር!) እሷ ግን ገባት። ለካ ለእሷም ፊደላት ቀለም አላቸው። ሲያነጻጽሩ አንዳንዱ ገጠመ፤ ሁሉም ግን አልገጠመም። እናትና ልጅ እንኳ እንዲህ ከተለያዩ፣ እኔ «ሁሉም» ያልኩት ከየት አምጥቼ እንደሆነ እንጃ።