ሲሊንደሩ ደህና ነው

የሰፈራችን የድንገተኛ አደጋ በጎ ፈቃደኞች ሆይ፣ ምስጋና ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት ያሳያችሁትን ቅልጥፍና ያየ ሰው ከእንግዲህ እሳት ቢነሳ አይደነግጥም። እሳቱ ራሱ ነው የሚያፍረው።

ነገሩ የሆነው ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም በማይርቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሳምቡሳ ሲጠበስ ዘይቱ እሳት ያዘ። ጭሱ በመስኮት ወጣ። ወዲያው ደረጃው በበጎ ፈቃደኛ ተሞላ። በምን ታወቁ ካላችሁኝ፣ በብርቱካናማው ሰደርያ። አንዳንዱማ እሳቱን ካየ በኋላ ሰደርያውን ሊለብስ ቤቱ ተመልሶ ነው የመጣው። ያለ ደንብ ልብስ አደጋ ቦታ መገኘት ነውር ነዋ!

እነዚህን ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ። እናንተም ሰፈር አሉ። ስልጠናው ሲጀመር የሉም። ለሻይ እረፍት ይደርሳሉ። የቡድን ፎቶ ሲነሳ መሃል ይቆማሉ። ባነሩ ላይ «የነቃ፣ የተደራጀና ዝግጁ ማኅበረሰብ ለአስተማማኝና ዘላቂ ነገ» ይላል። የቲሸርቱም ጀርባ ያንኑ ይላል። ይህ ሁሉ ሲጻፍ 939 የምትባለዋ የእሳት አደጋ መጥሪያ ቁጥር ቦታ አጣች። ምን ታድርግ፣ ሦስት አኃዝ ብቻ ናት። ለባነር አትመጥንም።

አሁን ወደ እሳት ማጥፊያው ሲሊንደር ልምጣ። ስለ እሱ ብዙ ማውራቴ ስለማይቀር ቡና ያልቀዳችሁ ቅዱ።

ቀይ ነው። ባለ ስድስት ኪሎ ነው። የሚኖረው ምድር ላይ፣ ከደረጃው ስር፣ በብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ጓጉንቸር አለው፤ እንዳይሰረቅ። ቁልፉ ያለው የንብረት ተጠሪው ጋ ነው። ተጠሪው የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ነው። ስለዚህ እሳቱ እሳቸው ቤት ቢነሳ ነው ለሁሉም የሚመቸው። ተለዋጭ ቁልፍም አለ። እንዳይጠፋ ሲባል ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል።

ሲሊንደሩን የፈለገ ሰው ፎርም ይሞላል። «የተፈለገበት ምክንያት» የሚል መስመር አለው። «እሳት» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ይብራራ ይባላል። ፊርማው ሁለት ነው፣ የሊቀመንበሩና የጸሐፊው። ሊቀመንበሩ የዚያን ቀን ለቅሶ ሄደው ነበር።

በስልጠናው ዕለት ግን ወጥቶ ነበር። ተወለወለና ጠረጴዛ ላይ፣ ከአበባውና ከታሸገው ውሃ ጎን ተቀመጠ። የክብር እንግዳው አቅፈውት ፎቶ ተነሱ። ቀጥሎ ኮሚቴው። ቀጥሎ ሴቶች ለብቻ፣ ወጣቶች ለብቻ። ከዚያ ሁሉም በጋራ። እንደ ሙሽራ ነው የዋለው። አሰልጣኙ የዋህ ሰው ነው። «ፒኑን ነቅላችሁ፣ አፉን ወደ እሳቱ ስር አነጣጥራችሁ፣ እጀታውን ተጭናችሁ ግራና ቀኝ ታወዛውዙታላችሁ። ከተከፈተ ግማሽ ደቂቃም አይቆይም። ስለዚህ አንድ ጊዜ በእጃችሁ ብትሞክሩት ጥሩ ነው» አለ።

አዳራሹ ደነገጠ። «ካለቀ ማን ይሞላዋል?» ተባለ። ኮሚቴው ለብቻው ወጥቶ መከረ። ልምምዱ በሃይላንድ እንዲሆን ተወሰነ። አዎ፣ በባዶ የውሃ ሃይላንድ። ክዳኑ ፒን ሆነ። ሰልጣኞች በየተራ እየወጡ፣ ክዳን እየፈቱ፣ ሃይላንዱን ግራና ቀኝ አወዛወዙ። ድምፁን በአፋቸው ነው ያሟሉት፤ «ሽሽሽሽ»። የወደቀ የለም። ሰርተፊኬቱ ዛሬ በየሳሎኑ በመስታወት ተሰቅሏል።

ወደ እሳቱ እንመለስ፤ እሱም እየጠበቀን ነው።

ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ርብርቡ ተጧጡፏል። አንዱ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ። ሌላው የጸሎት እጆች ላከ። ሌላው ደግሞ «የሚመለከተው ንዑስ ኮሚቴ ምላሽ ይስጥበት» ሲል አሳሰበ። በዚህ መሃል አንድ ባለ ሰደርያ ጎረምሳ በጆግ ውሃ ይዞ እየሮጠ ገባ። የሚነድ ዘይት ላይ ሊደፋው! ውሃው እኮ እዚያው በአንዴ ተንኖ የሚነደውን ዘይት ፊትህ ላይ ነው የሚረጨው። ይህ ስልጠናው ላይ ተነግሯል። ግን ከምሳ በኋላ ነው የተነገረው፤ ከምሳ በኋላ ማን ነበር?

የቤቱ እመቤት ልጁን በክርኗ ገፋችው። ምድጃውን አጠፋች። የምጣዱን አክንባሎ አንስታ መጥበሻው ላይ ደፋችበት። እሳቱ አየር አጣና ሞተ። አለቀ። የሚያሳዝነው ግን ይህቺ ሴት ስልጠና አልወሰደችም። ስሟ መዝገብ ላይ የለም። ከነአክንባሎዋ ሕገ ወጥ ናት።

በማግስቱ ሪፖርቱ ወጣ። «በበጎ ፈቃደኞች ፈጣንና የተቀናጀ ርብርብ እሳቱ በቁጥጥር ስር ውሏል። በንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።» እውነት ነው። ሲሊንደሩ ደህና ነው። አንዲት ጭረት አልነካውም።

ቀልዱን ለአፍታ ልተወው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከአልጋ መነሳት የማይችሉ አዛውንት አሉ። ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በራቸውን ያንኳኳ አንድ ሰው አልነበረም። አንድ! ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ዓመት በዓል ሲሆን ዳቦ ይዞላቸው ይሄዳል። የዚያን ቀን ግን ያ ሁሉ ሰው ስልኩን ወደ ላይ ዘርግቶ ይቀርፅ ነበር። የግቢው በር ደግሞ በመኪና ተዘግቷል። ጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ የእሳት አደጋ መኪና በዚያ ጠባብና የተጨናነቀ መንገድ ለመግባት እንዴት እንደተቸገረ ከተማው ሁሉ አይቷል። ዛሬም «አምስት ደቂቃ ነው» ብሎ በሩ ላይ የሚያቆመው ያው ባለ ሰደርያው ነው። ማን መራመድ አይችልም፣ የማን ልጅ ቀን ቀን ብቻውን ይውላል፣ መብራቱ ከየት ነው የሚጠፋው? ይህን ለማወቅ ባነር ምን ያደርጋል? አንድ ደብተር ይበቃ ነበር!

አንችልበትም እንዳይባል ደግሞ እድር አለን። ሰው በእኩለ ሌሊት ቢሞት ሳይነጋ ድንኳን ይተከላል። ወንበሩ ይመጣል፣ ብረት ድስቱ ይመጣል፣ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ሕፃኑ ሁሉ ያውቃል። ፎርም የሚባል ነገር የለም። ከሞታችሁ በኋላ እንከን የሌለው አገልግሎት ታገኛላችሁ። ንዑስ ኮሚቴው የሚያስፈልገው ከዚያ በፊት ላሉት ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

ለማንኛውም ሁለተኛው ዙር ስልጠና ደርሷል። ርዕሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው ንዝረት ስንቱን ከፎቅ በፒጃማ እንዳስወረደው ስለምታስታውሱ ወቅታዊነቱን አላብራራም። «ጎንበስ በሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ግቡ፣ እግሩን አጥብቃችሁ ያዙ» የሚለው በተግባር ይታያል ተብሏል። አዳራሹ ያለው ጠረጴዛ አንድ ስለሆነ የሚገቡት የክብር እንግዳው ብቻ ናቸው። እኛ እናጨበጭባለን። ምዝገባው ተጀምሯል፤ ፍጠኑ። ሚዲየም ቲሸርት አልቆ የቀረው ደብል ኤክስ ኤል ነው።