እርማት፦ ሰዓት ማራራቅ የሪፋምፒሲንን ችግር አይፈታም

«ሪፋምፒሲን (የቲቢ መድኃኒት) የምትወስድ ሴት የወሊድ መከላከያ እንክብሏን በ12 ሰዓት ልዩነት ከዋጠች ችግር የለውም» የሚል ምክር እየተደጋገመ ነው። በቅንነት የተሰጠ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ግን ስህተት ነው።

ማራራቅ የሚጠቅመው መድኃኒቶቹ ሆድ ውስጥ ተገናኝተው የሚያያዙ ሲሆኑ ነው፤ የጨጓራ አሲድ ማርከሻና ዶክሲሳይክሊን የተባለው አንቲባዮቲክ እንደሚያደርጉት። ሪፋምፒሲን ግን ጉበት ሲዋይፒ3ኤ4 የተባለውን፣ መድኃኒቶችን የሚሰባብር ኢንዛይም አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል። የበዛው ኢንዛይም ቀን ከሌት እዚያው ስላለ፣ እንክብሉ በየትኛውም ሰዓት ቢዋጥ ሆርሞኑ ቶሎ ተሰባብሮ ይወገዳል፤ ያልታሰበ እርግዝና ሊከተል ይችላል። (አሞክሲሲሊን እንዲህ አያደርግም፤ ሁሉንም አንቲባዮቲክ አንድ ላይ አንፈርጅ።) ሪፋምፒሲን ካበቃም በኋላ ኢንዛይሙ ወደ ነበረበት ለመመለስ 2 ሳምንት ገደማ ስለሚፈጅ፣ በሌላ መከላከያ የመጠቀሙ ጥንቃቄ ለእርግጠኝነት ሲባል ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያም ይዳከማል። የመዳብ ሉፕና የ3 ወሩ መርፌ ግን ውጤታቸው አይቀንስም።

ለማጣራት፣ የሁለቱንም መድኃኒቶች መግለጫ ወረቀት አውጥታችሁ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ስለመውሰድ የሚለውን ክፍል አንብቡ፤ ወይም ፋርማሲስት ጠይቁ። ሪፋምፒሲኑን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የሚቀየረው መከላከያው ነው።